የአራት ጣት ምርቃት

የሺአረግ የምትተኛው ቀን ነበር። ሰው ሥራውን ውሎ ማታ ሲጋደም፣ እሷ በማለዳ ከሰማይ ወርዳ፣ ሻንጣዋን በረንዳ ላይ ጥላ፣ መጋረጃዋን ግጥም አድርጋ ጭልጥ ትላለች። የበረራ አስተናጋጅ ኑሮ ነዋ! በሰማንያ ስምንት ዓመተ ምሕረት ገርጂ ገና ገጠር ገጠር ይሸት ነበር። ከአጥራቸው ወዲያ ጤፍ ነው፤ ከጤፉ ወዲያ ባሕር ዛፍ፤ ከዚያ ወዲያ እስከ አያት ድረስ ዓይን የሚይዝ ነገር አልነበረም። ነፋስ ተነሥቶ ቅጠሉን ሲያንሿሿው፣ በእንቅልፍ ልቧ ውሃ አጠገብ የተኛች ይመስላትና ፊቷ ፈታ ይላል።

ጠባቂዋ እናቷ ናቸው፣ ወይዘሮ ወለተማርያም። ልጃቸው ተኝታ ማን ደፍሮ በር ያንኳኳል! ጎረቤታቸው ፀሐይነሽ ወንፊት ልትዋስ ብቅ ብትል እንኳ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው፣ «እስ! ልጄ አሁን ነው ከሰማይ የወረደችው» ይሉና በእግር ጣታቸው እየተራመዱ ወደ ጓዳ ይወስዷታል። አውሮፕላን ቆርቆሮውን እያንቀጠቀጠ ሲያልፍ ግን ዝም በል የሚሉት ነገር አይደለምና ሽቅብ እያዩ በሆዳቸው ይረግሙታል። የሺ ደግሞ በአውሮፕላን አትነቃም። የሚያነቃት ሕልሟ ነው።

ሕልሙ ሁሌም ያው ነው። አረንጓዴ ውሃ ከጀርባዋ ይነሣል። እሷ ትንሽ ሳንቃ ላይ ቆማለች። ውሃው ወደ ቀኝ ይታጠፋል፤ እሷም አብራው ትታጠፋለች፤ ከዚያ በኋላ ምንም ክብደት የላትም። በቃ፣ ይኸው ነው። ስትነቃ የእግሯ ጣቶች አንሶላውን ጨምድደው ይዘው ታገኛቸዋለች። ጋደም ብላ ጣሪያ ጣሪያውን እያየች፣ የመጋረጃው ቀዳዳ ያስገባት የፀሐይ ጨረር ግድግዳው ላይ ቀስ እያለች ስትሄድ ትከታተላለች፣ ለመነሣት አትቸኩልም።

ታዲያ ሕልም ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሆኖ ያውቃል። ገና የሃያ አራት ዓመት ልጅ ሳለች፣ ሥራ በጀመረች በማግስቱ በሚባል ጊዜ፣ በረራ ዳካር አድርሷት አንድ ቀን ተኩል አሳረፋት። ጓደኞቿ ገበያ ሄዱ። እሷ ባሕሩ ዳር ወርዳ ስትንከራተት ላሚን የሚባል ዓሣ አጥማጅ አገኘች። ላሚን መረቡን ትቶ ለፈረንጅ ሳንቃ ማከራየት ጀምሮ ነበር። ሰዎቹ ሳንቃቸው ላይ በሆዳቸው ተኝተው ወደ ውስጥ ይቀዝፋሉ፤ ሞገድ ሲመጣ ዘለው ይቆሙና እየተንሳፈፉ ይመለሳሉ። የሺ አፏን ከፍታ ቀረች። ዋና የተማረችው በአየር መንገዱ ሥልጠና፣ ያውም እያለቀሰች ነበር። ያም ሆኖ ወደ ላሚን ሄዳ፣ «እኔንስ?» አለችው።

ላሚን የበር ያህል በሚሰፋ ሳንቃ አስጀመራት። በረራው በመጣ ቁጥር ትሄዳለች፤ ትወድቃለች፣ ጨው ውሃ ትጠጣለች፣ ትስቃለች። በሁለተኛው ዓመት አንድ ቀን ትልቁን ሌላ ሰው ወስዶባት ትንሹን ይዛ ገባች። ከዚያ ውሃው ታጠፈ፤ እሷም ታጠፈች። ሞገዱ ላይ የቆየችው ከአንድ እስከ አራት ቢቆጠር ነው። ከዚያ በላይ አይሆንም። ያቺን አራት ቁጥር ግን ልቧ ውስጥ ይዛት ቀረች።

ከዚያ ኑሮ መጣ። አገባች። ባሏ የሩቁን በረራ አልወደደውምና ወደ አገር ውስጥ በረራ ተዛወረች፤ ጎንደር ደርሶ መመለስ፣ ጅማ ደርሶ መመለስ። አሥር ዓመት አብረው ኖሩ፤ ልጅ አልሆነላቸውም፤ በመጨረሻ ተለያዩ። የሺ ወደ አባቷ ቤት፣ ወደ እናቷ ተመለሰች። ሰው ሁሉ አዘነላት። እሷ ግን ዕቃዋን ገና ሳትፈታ ቢሮ ሄዳ የሩቁን በረራ መልሱልኝ አለች።

ዳካር ስትደርስ ላሚን ፀጉሩ ጥጥ ሆኗል። አላወቃትም። ስትነግረው ጊዜ ግን ጭኑን እየመታ ሳቀና በተሰባበረች እንግሊዝኛው፣ «ትልቁን ውሰጂ። እንደ አዲስ ነው» አላት። እንደ አዲስም ነበር። ክንዷ ሁለት ሞገድ ቀዝፎ ይዝላል። ዓመት ሙሉ ስትወድቅ ከርማ እንደገና መቆም ቻለች። ትልቁ ሳንቃ ግን፣ እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ አውቶቡስ ነው። ይጭናታል፣ ቀጥ አድርጎ ይወስዳታል፣ ዳር ላይ ያራግፋታል። ታጠፍልኝ ብትለው ወይ ፍንክች! የሺ የምትፈልገው ደግሞ መታጠፉን ነው።

በግንቦት ደብዳቤ ደረሳት። ከመስከረም ጀምሮ በረራ ቀርቶ ምድር ላይ ትሠራለች፤ አዳዲሶቹን ልጆች ታሠለጥናለች። እድገት ነው። ጓደኞቿ እንኳን ደስ ያለሽ ብለው አገላብጠው ሳሟት። እናቷ ደግሞ በደስታ ስዕለታቸውን ሊያስገቡ ቦሌ ሚካኤል ሄዱ። የሺ መኝታ ቤቷ ገብታ የበረራ ሰሌዳዋን ዘረጋች። ለዳካር ሦስት ቀርተዋታል፤ የሰኔ፣ የሐምሌና የነሐሴ። ከዚያ በኋላ ባሕር የለም። ከዚያ በኋላ ያቺ ትንሽ መታጠፍ ሕልም ብቻ ሆና ትቀራለች። ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ እንደ ሕፃን አንሶላ ውስጥ ገብታ አለቀሰች።

በሰኔው በረራ ለላሚን ነገረችው። ላሚን ዓይኑን ጨፍኖ አሰበና ትንሹን ሳንቃ አሸዋው ላይ አጋደመላት። «ይቺ ትታጠፋለች። ግን እግርሽ አያውቃትም። አገርሽ ግቢና እግርሽን አለማምጂ።» የሺ ከሻንጣዋ ሲባጎ አውጥታ ለካችው። ሲባጎውን በርዝመቱ ልክ ቆረጠችና የስፋቱ ልክ ላይ አንዲት ቋጠሮ ቋጠረችበት። ያንን ይዛ አዲስ አበባ ገባች።

የጋሽ እንድሪስ አናጢ ቤት ቦሌ ሚካኤል፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁል በሚወርደው ኮረኮንች ላይ ነው። ሰውየው የወሎ ሰው ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት አልጋና በር ሲሠሩ ኖረው ሰፈሩ ውስጥ እሳቸው ያልሠሩት አልጋ ላይ የተወለደ ልጅ አይገኝም ይባላል። የሺ ስትደርስ ጆሯቸው ላይ እርሳስ ሰክተው ቁምሳጥን በብርጭቆ ወረቀት ያሻሉ።

«ጋሽ እንድሪስ፣ እንደምን ዋሉ?»

«አልሐምዱሊላህ። በዚህ በኩል ነይ፣ ሰጋቱራው ልብስሽን እንዳያበላሸው። ምን ልሥራልሽ?»

ሲባጎውን ዘረጋችላቸው። «አንድ ወጥ ሳንቃ ነው። ርዝመቱ ይሄው፣ ስፋቱ እስከ ቋጠሮዋ። ፊቱ ሾል ይበል፣ ጠርዙ ይለስልስ።»

«ለምን ይሆንሻል?»

«ልቆምበት።»

ጋሽ እንድሪስ እርሳሳቸውን ከጆሯቸው አወረዱ። «ምን ልትደርሺበት? መሰላል አይሻልሽም?»

«የምደርስበት ነገር የለም። እንዲሁ ልቆምበት ነው።»

ቋጠሮዋን በጣታቸው ለኩና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይቺማ ጠባብ ናት፣ እህቴ። ሰው አይቆምባትም።»

«ጠባብ ነው የምፈልገው። በእናትዎ ጋሽ እንድሪስ፣ ልክ እንደ ሲባጎው።»

«አብሽሪ» አሉ። «እኔ ጋ ጠበበኝ ብሎ የተመለሰ ሰው የለም።»

በሳምንቱ ወሰደችው። የዋንዛ ሳንቃ ነው፤ ጠርዙ እንደ ሕፃን ጉንጭ ለስልሷል። ከጎሚስታ አሮጌ የጎማ ከመነዳሪ ለምና፣ ግማሽ ድረስ አስነፍታ ግቢው መሃል አጋደመችውና ሳንቃውን ላዩ ላይ አደረገች። ጫማዋን አውልቃ ወጣችበት። ሳንቃው ወዲህ ወዲያ ተወዛወዘና ጎመን መደቡ ላይ ጣላት።

እናቷ ከጓዳ ወጥተው ወገባቸውን ያዙ። «ምን ጉድ ነው ይሄ?»

«ስፖርት ነው እማዬ።»

«ሰማይ ላይ ስትመላለስ የኖረች ልጅ መሬት ላይ መቆም አቃታት? ጎመኔን ተይልኝ!»

ጎመኑ ተረፈም አልተረፈም የሺ አልተወችም። ከእንቅልፏ እንደነቃች፣ ገና ሕልሙ ዓይኗ ላይ ሳለ፣ ባዶ እግሯን ትወጣለች። በሳምንት መቆም ቻለች። በሁለት ሳምንት ጉልበቷን አጥፋ ክብደቷን ወደ ቀኝ ስትጥል ሳንቃው ይከተላታል። በሦስተኛው ሳምንት ዓይኗን ጨፍና ትቆም ጀመር። የሰኔ ደመና ዝቅ ብሎ፣ ባሕር ዛፉ እያንሿሿ፣ ጤፍ ሊዘራ በታረሰው መሬት ላይ ጭጋግ እየተሳበ፣ እሷ ግቢው መሃል ትንሳፈፋለች። አንዳንዴ የት እንዳለች ይጠፋታል። ዓይኗን ስትገልጥ የልብስ ማስጫው ሽቦና የእናቷ ነጠላ ፊቷ ላይ ናቸው፤ ትስቃለች። እችላለሁ አለች በልቧ። ይኸው ቻልኩ።

ሐምሌ ደረሰ፤ ዳካር ገባች። ሻንጣዋን ሆቴል ወርውራ ሮጠች። ትንሹን ሳንቃ ብብቷ ሥር አድርጋ ለላሚን፣ «ተመልከት!» አለችው።

ኧረ ምኑን ይመለከታል! የመጀመሪያው ሞገድ እግሯ ገና ሳንቃውን ሳይነካ ገለበጣት። ሁለተኛው ላይ ቆምኩ ስትል ጠርዙ ከሥሯ ጠፋ። እግሯ እዚያ አለ ብሎ ሲረግጥ እንጨት የለም፣ ውሃ ነው። ሦስተኛው፣ አራተኛው፣ ያው። እየደጋገመ ያንኑ ቦታ ይረግጣል፣ እዚያ ቦታ ምንም የለም። ዘጠኝ ጊዜ ሞከረች። በዘጠነኛው አፍንጫዋ ጨው ሞልቶ፣ ጉልበቷ በአሸዋ ተልጦ እየዳኸች ወጣች።

ላሚን ፎጣ አለበሳት። «ምናልባት ትልቁ ይበቃሻል» አላት በርኅራኄ። «ሁሉም በዕድሜው ነው።» ክፉ መናገሩ አልነበረም። የሺ ግን ወሽመጧ ተቆረጠ። በመልሱ በረራ ሻይ ስታድል ፈገግታዋን አልነፈገችም፤ መጋረጃውን አልፋ ጀርባዋን ለሰው ስትሰጥ ግን እንባዋን መያዝ አቃታት። አርጅቻለሁ፣ አለች። አካሌ አርጅቶ እኔ አልሰማሁም።

ቤት ስትደርስ ሳንቃውን ላለማየት ፊቷን አዞረች። ሁለት ቀን ዝናብ ሲመታው ከረመ። በሦስተኛው ቀን እናቷ፣ «ሜዳ ላይ ከሚበሰብስ ጓዳ ይግባ፣ ዕቃ እደረድርበታለሁ» አሉ።

«ውሰጂው እማዬ። እኔ ጨርሻለሁ።»

ቁምሳጥኑና ግድግዳው መካከል ክፍተት አለ፤ እዚያ ይቁም ተባለ። የሺ ይገባ እንደሆነ ለማየት ሲባጎዋን ከሻንጣዋ አወጣችና ለካች። ክፍተቱ ከቋጠሮዋ ልክ ጋር አንድ ነው፤ እንዲያውም ፀጉር ታህል ይተርፋል። ሳንቃውን አንሥታ ስታስገባ ግን እምቢ አለ። ገፋችው፤ እምቢ። አዘነበለችው፤ እምቢ። ግራ ገባት። መሬት ላይ ተቀመጠችና ሲባጎውን ሳንቃው ላይ ዘረጋች። ቋጠሮዋ ጠርዙ ላይ አልደረሰችም። ጣቷን አስጠግታ ለካች። አራት ጣት።

አራት ጣት! ወር ሙሉ እግሯ የለመደው በሌለ እንጨት ላይ መቆም ነበር። ባሕሩ ውስጥ እየደጋገመ የረገጠው ባዶ ቦታ ይኼው፣ ይኼ አራት ጣት ነው! ደሟ ፈላ። ሳንቃውን ጀርባዋ ላይ አዝላ፣ ሻሽ ሳታስር፣ በጭቃው እየተንሸራተተች መንገድ ወጣች። ታክሲ ቆመላትና ወያላው፣ «እናት፣ በሩን ነቅለሽ የት ልትሄጂ ነው?» ቢላት ዞር ብላ አላየችውም። ቦሌ ሚካኤል ድረስ በእግሯ ሄደች።

«ጋሽ እንድሪስ! ምን አድርጌዎት ነው?»

ሽማግሌው ከነመጋዛቸው ቀና አሉ። «ምን ሆነሽ? ተሰበረ?»

«ሰፋ! ልክ እንደ ሲባጎው አላልኩዎትም? ለምኜዎት ነበርኮ! አራት ጣት ጨምረውበታል!»

ጋሽ እንድሪስ ፊታቸው በራ። «እሱማ ምርቃት ነው!» አሉ ደረታቸውን ነፍተው። «ለሁሉም ነው የምመርቀው። አልጋ ላዘዘኝ ስንዝር፣ በር ላዘዘኝ ሁለት ጣት። ለአንቺ ደግሞ እንደ ልጄ ስለሆንሽ አራት። ሠላሳ ዓመት ስሠራ ጨምሬለት የተቆጣኝ ሰው ዛሬ ገና አየሁ።»

የሺ ሳቅም ልቅሶም መጣባት። ግንድ እንጨት ላይ ተቀመጠችና ለማንም ያልነገረችውን፣ ለባሏ እንኳ ያልነገረችውን፣ ለአናጢው ዘረገፈችው። ባሕሩን፣ ላሚንን፣ አራቷን ቁጥር፣ የመስከረሙን ደብዳቤ፣ ዘጠኙን ውድቀት። «አንድ ጊዜ ብቻ ነው የቀረችኝ» አለች። «ያረጀሁ መስሎኝ ስንት አለቀስኩ መሰልዎት!»

ጋሽ እንድሪስ መጋዛቸውን አስቀመጡ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። «ውሃው ይነሣል ነው የምትዪኝ?» አሉ። «ቀጥ ብሎ፣ እንደ ግድግዳ?»

«ቀጥ ብሎ።»

«እሱም ላይ ትሄጂያለሽ።»

«ጎን ለጎን። አብሬው።»

«ያ ረቢ» አሉ በለሆሳስ። ሳንቃውን ተቀብለው መጋዝ መቁረጫው ላይ አጋደሙት፤ ሲባጎዋን ዘርግተው በእርሳስ አሰመሩ። ከዚያ እጃቸው ቆመ። «የሰጡትን መልሶ መቁረጥ ነውር ነው። በዕድሜዬ አድርጌው አላውቅም።»

«ለእኔ ሲሉ፣ ጋሽ እንድሪስ።»

«ቢስሚላህ» ብለው መጋዙን ሳቡ። ሲጨርሱ ሲባጎውን ሦስት ጊዜ ደጋግመው ለኩ። ልክ ነው። ፀጉር አይተርፍም፣ ፀጉር አይጎድልም። ግንባራቸውን አልቧቸዋል።

ያን ዕለት የሺ ለእናቷም ነገረቻቸው። ወይዘሮ ወለተማርያም አማተቡ። «ውሃ ላይ መቆም? አበስኩ ገበርኩ! ውሃ ላይ የቆመው ማን እንደሆነ ሳታውቂ ቀርተሽ ነው?»

«እንጨት አለው እማዬ። እኔ እንጨቱ ላይ ነኝ።»

«ስትወድቂስ? ማን ያነሣሻል?»

«ራሴ ነኛ።»

እናቷ ፊታቸውን አዙረው ወደ ውስጥ ገቡ። የሺ የተቆጡ መስሏት ሳንቃውን ከመነዳሪው ላይ አጋድማ ወጣችበት። ጠባቡ ሳንቃ ወዲያው ጣላት። ተነሣች፣ ጣላት። በአራተኛው ስትነሣ ዝናቡ ፊቷ ላይ አቆመ። ቀና ስትል እናቷ ጥቁር ጃንጥላ ዘርግተው አጠገቧ ቆመዋል፤ ቀሚሳቸውን በመቀነት ሰብስበው፣ ጭቃ ውስጥ ገብተው።

«በይ ቁሚ» አሉ። «እኔ ዝናቡን እይዝልሻለሁ።»

የነሐሴ ቀኖች እንዲህ አለፉ። ጧት ዝናብ፣ ከሰዓት ዝናብ፣ ግቢው መሃል አንዲት ሴት ትወዛወዛለች፣ አንዲት አሮጊት ጃንጥላ ይዘው አብረዋት ይወዛወዛሉ። ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ውሃ ሲጎርፍ ሲሳሳ፣ ሲጎርፍ ሲሳሳ፣ ሁለቱም አንድ ሕልም ውስጥ የገቡ ይመስላሉ። እናቷ ገና ባሕር አይተው አያውቁም። ሆኖም አንዳንዴ፣ «አሁን መጣ? አሁን ተነሣ ውሃው?» ብለው ይጠይቋታል፤ የሺም፣ «መጣ እማዬ፣ ልያዝሽ እንዳትዪ» ትላለች። ፍልፍል አፈር የመሰለው ጎመን መደብ ላይ ስንቴ እንደወደቀች እግዜር ይቁጠረው። በወሩ መጨረሻ ግን እግሯ ጠርዙን ያለ ዓይን አገኘው፤ እንጨቱ እስካለበት ይሄዳል፣ የሌለበትን አይረግጥም።

የመጨረሻዋ ቀን ማለዳ ዳካር ላይ ባሕሩ ጸጥ ያለ ነበር። ሞገዱ ትንሽ ነው፤ ግን ንጹሕ፣ አንዱ ከአንዱ ርቆ የሚመጣ። የአየር መንገዱ አውቶቡስ ሠራተኞቹን ከሆቴል የሚወስደው እኩለ ቀን ላይ ነው። ላሚን ሲያያት ትልቁን ሳንቃ ጠራርጎ አዘጋጅቶ ጠበቃት። «የመጨረሻሽ ነው አይደል? ዛሬ አትውደቂ። በዚህ ተደሰቺ፣ ኪራይ የለውም።»

ደግ ሰው ነው። የሺ ሁለት እጁን ይዛ አመሰገነችው፤ ከዚያም ትንሹን አንሥታ ገባች።

ወደቀች። እንደገና ወደቀች። አሁን ግን የምትወድቀው በሌላ ምክንያት ነው፤ ቸኩላ፣ ወይ ዘግይታ። እግሯ እንጨቱን ያገኘዋል። ክንዷ ዛለ። ላሚን ዳር ላይ ሰዓቱን እየጠቆመ እጁን አወዛወዘላት። ሳንቃው ላይ በሆዷ ተኝታ ትንፋሿን ሰበሰበች። አንድ ብቻ፣ አለች። አንድ ብቻ ስጠኝና ልሂድልህ።

ከጀርባዋ ውሃው ሲነሣ አየችው። አረንጓዴ ነው። ቀዘፈች፤ ውሃው ወገቧን ደግፎ አነሣት፤ ዘለለች፤ ሁለቱም እግሮቿ ሳንቃው ላይ አረፉ። ጉልበቷን አጠፈች፤ ወደ ቀኝ አዘነበለች። ሳንቃው ሰማት። ታጠፈ። ቀኟ ላይ የውሃ ግድግዳ እየተገለጠ እየተገለጠ ይሄዳል፣ እሷም እጇን ዘርግታ በጣቷ ትነካዋለች፤ ድምፅ የለም፣ ክብደት የለም፣ ቢሮ የለም፣ መስከረም የለም። አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት። «እማዬ!» ብላ ጮኸች፤ ባሕሩ መሃል፣ በአማርኛ፣ ባለ በሌለ ድምጿ። አሥራ አንድ ላይ ሞገዱ አልቆ ቀስ ብሎ አስቀመጣት።

ዳር ስትደርስ ላሚን ጀርባውን ሰጥቶ ለአንድ ቱሪስት ሳንቃ ይመርጣል። ማንም አላየም። አሸዋው ላይ ተቀምጣ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ማዘኗ አይደለም። ደስታው ብቻዋን ከምትችለው በላይ በዛባት፤ ሌላ ምንም አይደለም።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ገርጂ ስትደርስ ዩኒፎርሟን እንደለበሰች ነው፤ ለመጨረሻ ጊዜ። ቆርቆሮ በሩን ገፋ አደረገችው። እናቷ በረንዳው ላይ ቆመዋል። ከስንት ሰዓት ጀምረው እንደቆሙ አልጠየቀቻቸውም። እንኳን ደህና መጣሽ አላሉ፣ አልሳሟት፤ ገና ከሩቁ፣ «ቆምሽ?» አሏት።

የሺ ራሷን ነቀነቀች። «ቆምኩ። ታጠፈልኝም። አሥራ አንድ ቆጠርኩ።»

ወይዘሮ ወለተማርያም ሁለት እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው እልልታውን ለቀቁት። ልጃቸው ስትተኛ ጠላ ጋን እንኳ እንዳይንኳኳ ሰፈሩን በጣት ሲያስጠነቅቁ የኖሩት ሴትዮ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ እስከ ባሕር ዛፉ በሚሰማ ድምፅ! ፀሐይነሽ እጇ ሊጥ እንደሆነ በአጥሩ ክፍተት ሮጣ ገባች። ከኋላዋ ሁለት ሴቶች፣ ከእነሱ ኋላ ወተት ሻጯ።

«ምን ተገኘ? ማን ወለደ?»

«ልጄ ቆመች!» አሉ ወይዘሮ ወለተማርያም፣ እንባቸው በጉንጫቸው እየወረደ። «የሺ ቆመች! ቆማ ሄደች!»

ፀሐይነሽ የሺን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ባለ ተረከዝ ጫማ አድርጋለች፤ ሻንጣ ይዛለች። ግራ ገባት። ግን ቤት ውስጥ እልል ከተባለ መጠየቅ ኋላ ነው። ሊጥ የነካው እጇን አፏ ላይ አድርጋ እሷም እልል አለች፤ ሌሎቹም ተከተሏት።